የጨረቃ ዳቦ በደጋ ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ በቤቴ ስጋግር ጎረቤትና ዘመድ ደጋግሞ የሚጠይቀኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እስከ አስቸጋሪው ድረስ እንዲህ መልሻለሁ።

የጨረቃ ዳቦ ምን ዓይነት ዳቦ ነው? ከፈረንሳዩ ክሩዋሳን ጋር አንድ ነው?

ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከገባበት ለስላሳ የስንዴ ሊጥ የሚሠራ ትንሽ ዳቦ ነው። ሊጡ በክብ ይዳመጥና በሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ከዚያ ከሰፊው ጎን ወደ ሹሉ ጫፍ ይጠቀለላል። ሁለቱ ዳሮች ወደ ውስጥ ሲጎብጡ የጨረቃ ወይም የማጭድ ቅርጽ ይይዛል። ውጪው ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ውስጡን ሲፈለቅቁት በድርብርብ ይላቀቃል።

ከክሩዋሳን ጋር ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የክሩዋሳን ሊጥ አንድ ሙሉ የቅቤ ጠፍጣፋ በመካከሉ ተደርጎበት ደጋግሞ እየታጠፈ ይዳመጣል፤ ስለዚህ ሲጋገር ይፈረፈራል። የእኛው ግን ቅቤ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀብቶበት የሚጠቀለል ስለሆነ ለቤት ሰው የቀለለ ነው፤ ለቡና ቁርስም ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። የሁለቱም ሥር በኦስትሪያ ኪፕፈርል የሚባለው የጎበጠ ዳቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ አውጉስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ በፓሪስ የቪየና ዳቦ ቤት ከከፈተ በኋላ ፈረንሳዮች ዳቦውን ወደዱት፤ ቀስ በቀስም የራሳቸው አደረጉት። ቪየና በ1683 በቱርኮች በተከበበች ጊዜ ተፈለሰፈ የሚለው ትረካ ሲነገር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኪፕፈርል ከዚያ ከበባ በፊትም የነበረ ነው።

ምን ምን ያስፈልገኛል? መጠኑስ?

ለ16 ዳቦ ግማሽ ኪሎ ፊኖ ዱቄት፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 60 ግራም ስኳር፣ 80 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ 8 ግራም ጨውና 5 ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ በቂ ነው። ለመቀባት ደግሞ ሌላ 40 ግራም ቅቤና አንድ አስኳል ለብቻ አስቀምጡ። እንቁላሉ የአበሻ ዶሮ ከሆነ ትንሽ ነውና ሁለት አድርጉት። ሚዛን ከሌላችሁ 5 ግራም እርሾ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ 8 ግራም ጨውም እንዲሁ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ይጠጋል።

ብዙ የአሠራር መመሪያ ለዚህ መጠን 7 ግራም እርሾ ይላል። እኔ ለምን እንደቀነስኩት ከፍታን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ታገኙታላችሁ። ወተቱ የታለበ ጥሬ ወተት ከሆነ መጀመሪያ አፍሉት፤ ከዚያ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። መፍላቱ ለጤናም ነው፤ ሊጡንም ያለሰልሰዋል።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሠራሩ እንዴት ነው?

ለብ ባለው ወተት ውስጥ እርሾውንና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ ተዉት። ዱቄቱን፣ የቀረውን ስኳርና ጨውን በገበቴ ቀላቅሉ፤ እንቁላሉንና ወተቱን ጨምሩና ሰብስቡት። ቅቤው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ሊጡ አንድ ላይ ከያዘ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ዱቄቱን ይለብሰውና ሊጡ ጅማት እንዳያወጣ ያደርገዋል። ከዚያ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ እሹት። መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት ለመጨመር አትቸኩሉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ሊጡ በራሱ ከገበቴው መላቀቅ ይጀምራል። ትንሽ ቆርሳችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ስትወጥሩት ሳይበጠስ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ ደርሷል።

ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን አቆዩት። ተንፍሶ ለሁለት ይከፈል፤ ተዳምጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ተቆርጦ ይጠቀለል። ትሪ ላይ ተራርቆ ተደርድሮ እንደገና ኩፍ ይበል። አስኳሉን በአንድ ማንኪያ ወተት በጥብጣችሁ ቀቡትና በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ14 እስከ 18 ደቂቃ ጋግሩት።

እርሾው ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ወተትና ስኳር ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ አረፋ ካላወጣ ሞቷል፤ ዱቄታችሁን አታባክኑበት። እርሾ የሚገደለው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ የሞቀ ወተት ይጨርሰዋል። ቴርሞሜትር ባይኖርም የእጅ አንጓችሁ ላይ ጠብ አድርጉት፤ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። የተከፈተውን የእርሾ ፓኬት አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ።

የእንጀራ እርሾ ብጠቀም አይሆንም?

ሊጡን ያነሣዋል፤ እናቶቻችንም ድፎውን በቤት እርሾ ነው ሲጋግሩ የኖሩት። ለዚህ ዳቦ ግን አልመክረውም። የእንጀራ እርሾ ከእርሾ ሕዋሳት ጋር ብዙ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን የያዘ ነው፤ ቅቤና ስኳር የበዛበትን ከባድ ሊጥ እስኪያነሣ ድረስ ሊጡ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣነቱ ለድፎ ጌጥ ነው፤ እዚህ ላይ ግን የቅቤውን ጣዕም ይጫነዋል።

ሁሉንም እንደተባለው አድርጌ ሊጡ ኩፍ አላለም። ምን አጠፋሁ?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ጥፋቱ የሠሪው ሳይሆን የብርዱ ነው። «አንድ ሰዓት ይቆይ» ብሎ የጻፈው ሰው ቤቱ 25 ዲግሪ ሞቆለት ነው የጻፈው። በታኅሣሥ ማለዳ የደብረ ብርሃን ወጥ ቤት 12 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ደጅ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። እርሾ በእንዲህ ያለ ብርድ አይሞትም፤ ያንቀላፋል እንጂ።

እኔም ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ለቡና እንዲደርስልኝ ብዬ በ2 ሰዓት አቡክቼ፣ በ5 ሰዓት ገልጬ ሳየው ሊጡ እንዳስቀመጥኩት ነው፤ ንቅንቅ አላለም። እርሾው አንሶ ነው ብዬ ሌላ እርሾ በጥብጬ አሸሁበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስኮቱን ስታሞቀው ሁለቱም እርሾ አንድ ላይ ተነሣ። ሊጡ ከገበቴው ፈስሶ፣ የጠላ ሽታ አምጥቶ አገኘሁት፤ ሲጋገርም ተኛ። ያን ቀን የጎደለው ሙቀትና ትዕግሥት ነበር፤ እርሾውማ በልኩ ነበረ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ገበቴውን በክዳን ገጥሜ በመንዝ ባና እጠቀልለዋለሁ፤ ከጎኑ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እወሽቃለሁ። ባና ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል። የበግ ጸጉር ሙቀት አይፈጥርም፤ ከጠርሙሱና ከሊጡ የሚወጣውን ሙቀት ግን ይዞ ያቆያል። ሌላው መንገድ ሊጡን ካልበራ ኦቨን ውስጥ፣ የፈላ ውሃ ካለበት ድስት ጋር አስገብቶ በሩን መዝጋት ነው። በዚህም ቢሆን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ሰዓት እያያችሁ አትወስኑ፤ ጣታችሁን በዱቄት ነክራችሁ ሊጡን ጠቅ አድርጉት። ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ይቀረዋል፤ ቀስ እያለ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

እንዴት ነው ቆርጬ የምጠቀልለው? ሲጋገር ይተረተርብኛል።

የተከፈለውን ሊጥ ድቡልቡል አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ ሸፍናችሁ አሳርፉ። ሳያርፍ ከዳመጣችሁት እንደ ላስቲክ እየተሰበሰበ ያስቸግራችኋል። ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር እየዳመጣችሁ ስፋቱን 32 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርሱ። መዳመጫ ከሌለ የታጠበ ለስላሳ ጠርሙስ ይበቃል። ለስላሳ ቅቤ በስሱ ቀቡ፤ መሐሉን አንድ ጣት ያህል ሳትቀቡ ተዉት። ክቡን እንደ ድፎ አቆራረስ መጀመሪያ በመስቀል ለአራት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት ክፈሉት፤ ስምንት ሦስት ማዕዘን ይሆናል።

አንዱን አንሡ፤ ሹሉን ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ሁለት ጣት ያህል ሳቡት። ከሰፊው ጎን ጀምራችሁ ጠቅልሉ። እንዳይላላ ያዝ አድርጉት፤ ግን አታስጨንቁት፤ በጣም የጠበቀ ጥቅል ሲነፋ ቆዳው ይሰነጠቃል። የሚተረተረው ሹሉ ጫፍ ከላይ ሲቀር ነው። ጫፉ ከሥር፣ ትሪው ላይ ተጭኖ እንዲያርፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የራሱ ክብደት ይይዘዋል። ሹሉ ጫፍ የሚሆነው መሐሉ ቅቤ ያልተቀባውም ለዚሁ ነው፤ ቅቤ የነካው ሊጥ አይጣበቅም። በመጨረሻ ሁለቱን ጫፎች ወደ እናንተ ጎበጥ አድርጓቸው። በዳቦዎቹ መካከል ሦስት ጣት ክፍተት ይኑር።

የገበያ ለጋ ቅቤ ይሆናል? የተነጠረስ?

ለጋው ይሆናል፤ ጥሩ ሲሆንም ከፋብሪካው የገበታ ቅቤ የበለጠ ይጣፍጣል። ነገር ግን ውስጡ አሬራ ይቀርበታል። በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ። ሳይታጠብ ከገባ ሊጡን ያረጥበዋል፤ ጠረኑም ሲጋገር ይጎላል። የሰነበተ ቅቤ አትጠቀሙ፤ እሱ ቦታው ወጥ ውስጥ ነው።

የተነጠረው ሌላ ነገር ነው። ሲነጠር ውሃው ተንኖ ወጥቷልና 80 ግራም የሚለውን 65 ግራም አድርጉት፤ የጎደለውን በአንድ ማንኪያ ወተት ሙሉት። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ከሆነ ዳቦው የወጥ ሽታ ይይዛል። ይህን የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን ሳይቀመም የተነጠረውን እመርጣለሁ።

ከወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት ስንዴ አለ። ገብስስ ብቀላቅልበት?

የወፍጮ ቤቱ ስንዴ ፉርሽካው አብሮት ነው። ፉርሽካ በሊጡ ውስጥ እንደ ስለት ሆኖ ግሉተኑን፣ ማለትም ሊጡን የሚለጥጠውን ጅማት፣ ስለሚቆራርጠው ዳቦው ይደድራል። በስስ ወንፊት ንፉትና ግማሽ በግማሽ ከፊኖ ጋር ቀላቅሉ፤ ወተቱን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ከመታሸቱ በፊትም 20 ደቂቃ ይረፍ።

ገብስ የአገራችን እህል ነውና ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሊጥ የሚለጥጥ ግሉተን ግን እንደ ስንዴ የለውም። ከጠቅላላው ዱቄት አንድ አሥረኛ ያህል፣ ቆልታችሁ ያስፈጫችሁትን ከጨመራችሁ የበሶ መዓዛ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቅሉ ሲነፋ ይፈረካከሳል።

ኦቨን የለኝም። በምን ልጋግር?

ድፎ በሚጋገርበት ዘዴ፦ እሳት ከታችም ከላይም። ወፍራም ብረት ድስት በከሰል ማንደጃ ላይ ጣዱ፤ ውስጡ ሦስት እኩል ጠጠሮች አስቀምጡና ከድናችሁ ለ15 ደቂቃ አግሉት። ዳቦዎቹን በቅባት በተቀባ ትንሽ ትሪ ደርድራችሁ ጠጠሮቹ ላይ አሳርፉ፤ ድስቱን ግጠሙ፤ ፍሙን ክዳኑ ላይ አድርጉ። ከላይ ያለው ፍም ከታችኛው መብዛት አለበት። ሙቀት በራሱ ወደ ላይ ይወጣልና የሥሩ እሳት ሳይታሰብ ያይላል፤ «ሥሩ አረረ፣ ላዩ ነጣ» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

12 ደቂቃ ሳይሞላ አትክፈቱ። በአንድ ጊዜ ከስድስት ዳቦ በላይ አይያዝም፤ የቀሩትን በቀዝቃዛ ቦታ አቆዩ፤ ብርዱ ተራቸው እስኪደርስ ያዘገያቸዋል። ከሰል ስትጠቀሙ በርና መስኮት ክፈቱ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ይገድላል።

የጾም ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ መቻልም አለበት፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ፍልሰታው ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። ወተቱን በ270 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ቅቤውን በ60 ሚሊ ሊትር ዘይት ተኩ፤ እንቁላሉን ተዉት። ሊጡ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ጣዕሙም ወደ አምባሻ ይጠጋል።

የሚቸግረው ድርብርቡ ነው፤ ፈሳሽ ዘይት ቀብታችሁ ብትጠቀልሉ ሾልኮ ይወጣል። እዚህ ላይ የደጋው ብርድ ያግዛል። የሚረጋውን የፓልም ዘይት በስኒ አድርጋችሁ መስኮት ላይ አሳድሩት፤ ጠዋት እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኙታላችሁ። እሱን በማንኪያ ጀርባ በስሱ ቀቡ። ማርጋሪን ልጠቀም የምትሉ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ወተት የገባበት ብዙ ነው። በአስኳል ፋንታ ከኦቨን እንደወጣ በስኳር ውሃ ቀቡት፤ ያብለጨልጫል።

ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት መጋገር እችላለሁ? መብራት ቢጠፋስ?

ሁለቱም መልሳቸው አንድ ነው፦ ብርድ ሊጥን ያቆያል። ማታ ጠቅልላችሁ ትሪውን በፕላስቲክ ሸፍኑና ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። በጥቅምትና በጥር መካከል እሳት የማይነድበት ክፍል፣ ወለል ላይ ማሳደርም ይበቃል፤ አይጥና ድመት እንዳይደርስበት ብቻ በሚገጠም ዕቃ ይሁን። ደጅ አታውጡት፤ ውርጭ ከነካው ቆዳው ይደርቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሙቅ ቦታ አቆይታችሁ ጋግሩት። ሌሊቱን ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕሙም ይበልጣል።

መብራት የሄደው ኩፍ ባለ ሊጥ ላይ ከሆነ ትሪውን ወዲያው ወደ ብርድ ውሰዱት። መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊታገሥላችሁ ይችላል። ሳይጋገር የተኛውን ግን ሰብስባችሁ፣ አሽታችሁ፣ እንደገና ጠቅልሉት፤ ጥቂት ቢደድርም ይበላል።

በብርድ ሊጥ ይዘገያል ትላላችሁ፤ ታዲያ ለምን እርሾ ይቀነሳል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ውሃም በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሊጡን የሚነፋው ጋዝ የሚጫነው አየር ስላነሰ በቀላሉ ይለጠጣል። ስለዚህ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፤ ከፍታው ደግሞ የተፈጠረውን ጋዝ ያስፋፋዋል። ሊጡ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልሆነ ይመስልና አንዴ ከሞቀ በኋላ ሳታስቡት ያልፍበታል። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እርሾውን በሩብ ያህል መቀነስ ያን ፍጥነት ይገታዋል፤ የሚዘገየውን ደግሞ በእርሾ ሳይሆን በሙቀት ታግዙታላችሁ።

የደጋ አየር ደረቅ ነው፤ ዱቄቱም ይደርቃል። ሊጡ ከጠጠረ ወተት በማንኪያ ጨምሩ፤ እስከ ሁለት ማንኪያ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛውን ኩፍታ ደግሞ እጥፍ ሳይሆን አንድ ተኩል ሲሆን አቁሙ፤ የቀረውን ኦቨኑ ይጨርሰዋል።

ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ በዚሁ መመሪያ ሠርታ ቅቤው ሁሉ ከጥቅሉ ውስጥ ፈሰሰባት። አትፍረዱባት፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ አገሩም ቆላ ነው። እዚያ ወተቱ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሊጡ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊደርስ ይችላልና አትራቁ፤ ከመዳመጡ በፊት ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረፍ፤ ሥራውም በማለዳ ይሁን።

ከለመድኩት በኋላ እውነተኛውን ክሩዋሳን ልሞክር?

ሞክሩ፤ ደጋ ያላችሁ ደግሞ ከሌላው የተሻለ ዕድል አላችሁ። ክሩዋሳን የሚበላሸው ቅቤው በመዳመጥ ላይ እያለ ቀልጦ ከሊጡ ጋር ሲዋሐድ ነው። ቆላ ያለ ጋጋሪ በየእጥፉ መካከል ወደ ማቀዝቀዣ ይሮጣል፤ በእኛ ወጥ ቤት ግን በኅዳር ጠዋት ቅቤው ጠረጴዛው ላይ እንደ ቆዳ እየታጠፈ፣ ሳይሰበርም ሳይቀልጥም ይዳመጣል። ለዚህ ሥራ የገበያውን ለጋ ቅቤ ተዉት፤ የውሃው መጠን ስለሚለያይ አንዱ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይፈሳል። የገበታ ቅቤ ግዙ።

ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 250 ግራም ቅቤ በአራት ማዕዘን ጠፍጥፉ፤ ሊጡ ውስጥ ከትቱትና ሦስት ጊዜ ለሦስት እያጠፋችሁ ዳምጡ፤ በየእጥፉ መካከል ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ቅቤው በሊጡ ሥር እንደ ጠጠር ከተሰማችሁ በጣም በርዷል፤ 10 ደቂቃ ጠብቁት። ኩፍ እንዲል ስታስቀምጡት ግን ባናውንና ሙቅ ጠርሙሱን እርሱት፤ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ሦስት ሰዓት የደከማችሁበት ቅቤ ትሪው ላይ ኩሬ ሠርቶ ታገኙታላችሁ።